ቅሬው ራሱ ሊጠግነው የሚችል አዳራሽ ይሠራ

ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

መኸሩ ገብቶ አውድማው ሲጠረግ በወሎ ገጠር የአዳራሽ ኮሚቴዎች ሥራ ይጀምራሉ። አንዱ ቀበሌ አዲስ አበባ ካሉ ተወላጆቹ ያሰባስባል፣ ሌላው ዓረብ አገር ካሉ ልጆቹ፣ ሌላው ደግሞ የወጪውን ግማሽ የሚችል ድርጅት አግኝቶ የቀረውን በየቤቱ ይደለድላል። አዳራሽ ለገጠር ሰው ትልቅ ነገር ነው። ለቅሶ ተቀምጦበት፣ አበጋሮች (የወሎ አስታራቂ ሽማግሌዎች) ደም አድርቀውበት፣ ሕፃናት ተከትበውበት፣ ማታ ተማሪ አንብቦበት የሚያድር ቤት ነው። እኛ በድንጋይና በእንጨት ግንባታ ላይ የተሰማራን ባለሙያዎች ይህን ደብዳቤ የጻፍነው አንድ ነገር ለመለመን ነው። ከመሠረቱ ድንጋይ እስከ ሶላሩ ሽቦ አዳራሹ ውስጥ የሚገባ ማንኛውም ነገር ሲበላሽ በዚያው መንደር ቅሬ (እድር) እጅ፣ በቅርቡ ገበያ በሚገኝ ዕቃ የሚጠገን ይሁን። ይህን የማያሟላ ነገር ምንም ቢያምር ከዝርዝሩ ይውጣ።

ከሁሉ በፊት የመሬቱ ነገር ይነሳ። ኮሚቴዎች ቦታ ሲመርጡ ሜዳ ይፈልጋሉ፤ በደጋው ወሎ ደግሞ ሜዳው ብዙ ጊዜ ዋልካ ነው። በጃማ፣ በወረኢሉ፣ በደላንታ አምባ ላይ ያለው ጥቁር አፈር ለስንዴና ለምስር የተመቸውን ያህል ለግንብ ጠላት ነው። ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ደርቆ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። ያበጠው አፈር መሠረቱን ከዳርና ከዳር ያነሳዋል፤ በበጋ ዳር ዳሩ ቀድሞ ይደርቅና ይሰጥማል፣ መሐሉ ግን እርጥበቱን ይዞ ይቆያል። ግድግዳው በየዓመቱ እንዲህ ሲነሳና ሲወርድ ይከርምና በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ዓመት ከመስኮቱ ማዕዘን ተነስቶ ወደ ጣሪያው በሰያፍ የሚወጣ ስንጥቅ ይታያል። ያን ስንጥቅ በሲሚንቶ መምረግ ዋጋ የለውም። የታመመው መሬቱ ነው፣ በሚቀጥለው ክረምት እዚያው ይከፈታል።

ስለዚህ ሲሚንቶ ከመታዘዙ በፊት በታሰበው ቦታ አራት ማዕዘኖች ላይና መሐሉ ላይ 2 ሜትር ጥልቀት ያላቸው ጉድጓዶች ይቆፈሩ። አምስት ጉድጓድ ለአንድ ቅሬ የአንድ ቀን ሥራ ነው። ከየጉድጓዱ እፍኝ አፈር ወስዶ በውሃ ማርጠብና በመዳፍ መካከል እንደ ገመድ ማሾር ነው። እርሳስ አህሎ ቀጥኖም ሳይሰበር የሚታጠፍ ከሆነ አፈሩ የሚያብጥ ዓይነት ነው። ከተቻለ ቦታው ይለወጥ። ሳር የማያበቅል ጭንጫ ለእርሻ የተናቀ ቢሆንም ለአዳራሽ ከሁሉ የተሻለው እሱ ነው፤ የማንንም ማሳ ሳይነካም ይሠራበታል። ቦታ መለወጥ ካልተቻለ ዋልካው ከመሠረቱ ሥር ቢያንስ 1 ሜትር ከ50 ተጠርጎ ይውጣና በገረጋንቲ (በማያብጥ ጠጠራማ አፈር) ይሞላ። ገረጋንቲው 20 ሳንቲም 20 ሳንቲም እየተነጠፈ፣ ውሃ እየተረጨ፣ እየተወቀጠ ነው የሚሞላው። አንድ ጊዜ አፍስሶ ከላይ መውቀጥ የላዩን ብቻ ያጠነክራል፣ የታችኛው በኋላ ከነግንቡ ይሰጥማል።

በተዳፋት ላይ ለሚሠሩት ደግሞ ሌላ ማስጠንቀቂያ አለን። ወሎ የናዳ አገር ነው። ዛፎቹ ሁሉ ወደ አንድ ጎን ያዘነበሉበት፣ መሬቱ ላይ እንደ ጨረቃ የጎበጠ ስንጥቅ የሚታይበት፣ ወይም ከዝናብ በኋላ በፊት ያልነበረ ምንጭ የሚፈልቅበት ተዳፋት እየተንቀሳቀሰ ያለ መሬት ነው። እዚያ ላይ ምንም አይገንቡ።

ስለ ይዞታው ባጭሩ እንለፍ። ቦታው ከወል ግጦሽ የሚቆረስ ከሆነ ከብት የሚያውሉት ሁሉ በስብሰባ ይስማሙ፣ ቃለ ጉባኤም ይያዝ፤ ከዚያ ከወረዳው የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ይውጣ። ደብተሩ በሚጠቀሙት ቅሬዎች ስም ይሁን። በገንዘብ ሰጪ ወይም በአንድ ግለሰብ ስም የወጣ ደብተር አዳራሹን ከሕዝቡ እጅ ያወጣዋል፤ የራሱ ያልሆነን ቤት ጣሪያ ደግሞ ማንም ወጥቶ አይጠግንም።

አሁን ወደ ልኩ እንምጣ። 150 ሰው አግዳሚ ላይ ተቀምጦ እንዲሰበሰብ 125 ሜትር ካሬ ገደማ ይበቃል። ብዙዎች 10 በ12 ወይም 10 በ13 ያሠራሉ፤ ስህተት ነው። የአካባቢው ባሕር ዛፍ ያለ ብረት ድጋፍ በደህና የሚሸከመው ስፋት 7 ሜትር ያህል ነው። 10 ሜትር ሲሆን ወይ መሐል ላይ ምሰሶ ይቆማል፣ ወይ ከከተማ የተበየደ ብረት ይመጣል። ብየዳው አንድ ቀን ሲለቅ መንደሩ ውስጥ ጄኔሬተርም በያጅም የለም። ስለዚህ ከውስጥ ለውስጥ 7 በ18 ይሁን። ከዚህ በታች የምንሰጠው ስሌት ሁሉ ለዚህ ልክ ነው።

ግድግዳው በጥቁር ድንጋይ 50 ሳንቲም ውፍረት፣ 3 ሜትር ቁመት ይያዝ። መሠረቱ 70 ሳንቲም ስፋትና ቢያንስ 1 ሜትር ጥልቀት። ረጅሙ ግድግዳ በየ4 ሜትር ተኩሉ ከውጭ በኩል ወደ 60 ሳንቲም የሚወጣ የድንጋይ ድጋፍ ያስፈልገዋል፣ በአንድ ወገን ሦስት፣ በሁለቱ ስድስት። ይህን የምንለው ለጌጥ አይደለም። ወሎ የስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ላይ የተቀመጠ ነው። በ1953 ዓ.ም. ከደሴ በስተደቡብ ካራ ቆሬ አካባቢ የተነሳው የመሬት መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ አፍርሷል። 150 ሰው የሚሰበሰብበት ቤት የሚሠራ ሰው ይህን ረስቶ መሥራት የለበትም።

የድንጋይ ግድግዳ በመንቀጥቀጥ የሚወድቅበት መንገድ ይታወቃል። ግንበኛ ሲገነባ የውጭውን ፊት በተጠረበ ድንጋይ፣ የውስጡን ፊት በሌላ ድንጋይ ያቆምና መሐሉን በፍርካሽ ድንጋይና በማልታ (በሲሚንቶና በአሸዋ ቡኮ) ይሞላዋል። ከውጭ ሲታይ አንድ ግድግዳ ነው። በእውነቱ ግን ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ቀጫጭን ግድግዳዎች ናቸው። ሲናወጥ መሐሉ ያለው ፍርካሽ ወደ ታች ይወርዳል፣ ሁለቱን ፊቶች ወደ ውጭና ወደ ውስጥ ይገፋል፣ ሆዱ የተነፋው ግድግዳም ይዘረገፋል። መድኃኒቱ አንድ ድንጋይ ነው፤ ከውጭው ፊት እስከ ውስጡ ፊት የሚደርስ፣ 50 ሳንቲም ርዝመት ያለው ማሰሪያ ድንጋይ። በቁመት በየ60 ሳንቲሙ፣ በአግድም በየ1 ሜትር ከ20 አንድ አንድ ይግባ። እንዲህ ያለ ረጅም ድንጋይ ከጠፋ ሁለት ድንጋይ መሐል ላይ ተደራርቦ ይቀመጥ። ኮሚቴው ግንበኛውን መቆጣጠር ከፈለገ ሌላ ምንም ሳይጠይቅ ማሰሪያዎቹን በቀይ ቀለም እያስነካ ይቁጠራቸው። ከልስን በኋላ ማንም ሊያያቸው አይችልም።

ከዚያ መቀነቶቹ አሉ። ግድግዳው በሦስት ቦታ በአርማታ ይታሰር፤ ከወለሉ ሥር፣ ከበርና ከመስኮት በላይ፣ እና ጣሪያው የሚያርፍበት ላይ። እያንዳንዱ መቀነት 15 ሳንቲም ቁመት፣ የግድግዳውን ያህል ስፋት፣ አራት ባለ 10 ሚሊ ፌሮ፣ በየ15 ሳንቲሙ ፌሮዎቹን ዙሪያቸውን የሚያስር ባለ 6 ሚሊ ስታፋ። ዙሪያው 52 ሜትር ነውና ለሦስቱ 624 ሜትር ፌሮ ይፈጃል። ፌሮው በ12 ሜትር ስለሚሸጥ መደራረቢያውንና ማዕዘኑን ጨምሮ በ60 ዘንግ ይታሰብ። እዚህ ላይ ሁልጊዜ የሚሠራ ጥፋት አለ፤ ፌሮው ማዕዘን ላይ ሲደርስ ተቆርጦ ይቆማል። ማዕዘን ላይ የተቆረጠ መቀነት ዘለበት እንደሌለው ቀበቶ ነው። ፌሮው ታጥፎ ወደሚቀጥለው ግድግዳ ቢያንስ 60 ሳንቲም መግባት አለበት። የጣሪያውን ሁለት ጫፎች የሚዘጋው ሦስት ማዕዘን ደግሞ ከድንጋይ አይሠራ፣ በእንጨትና በቆርቆሮ ይዘጋ። ከፍ ብሎ የቆመ የድንጋይ ሦስት ማዕዘን በመንቀጥቀጥ መጀመሪያ የሚወድቀው እሱ ነው፣ የሚወድቀውም ሰው ላይ ነው።

ሲሚንቶ በሚወደድበት ዘመን ግንቡ በጭቃ ይሁን የሚል ሐሳብ ይነሳል። ለመኖሪያ ቤት ጭቃ እንደግፋለን። የላሊበላ ክብ የድንጋይ ቤቶች የሚያሳዩን ጥሩ ግንበኛ በአገሩ ዕቃ ምን መሥራት እንደሚችል ነው። የእነዚያ ቤቶች ግድግዳ ግን ክብ ነው፣ ማዕዘን የለውም፣ ክፍሉም ጠባብ ነው። 18 ሜትር ቀጥ ብሎ ለሚሄድ ግድግዳ አንድ እጅ ሲሚንቶ ለአምስት እጅ አሸዋ ይያዝ። መሠረቱ፣ ግድግዳውና ድጋፎቹ ሲደመሩ ወደ 105 ሜትር ኩብ ግንብ ይመጣል። ለዚህ 130 ሜትር ኩብ ድንጋይ ያስፈልጋል፣ ባለ 16 ሜትር ኩብ ገልባጭ መኪና ስምንት ጊዜ ይመላለስበታል። ሲሚንቶው ለግንቡ 105 ኩንታል፣ ለመቀነቶቹ 40 ኩንታል ገደማ ነው። ገንዘብ መቆጠብ የሚቻለው በውስጥ ልስኑ ላይ ነው፤ እሱ በጭቃ ይሁን።

የጭቃው ልስን የሚበላሸው ስለሚቸኮል ነው። አፈሩ ከጤፍ ጭድ ጋር ተረግጦ፣ ውሃ እየጠጣ፣ ሁለት ሳምንት ያህል ይቡካ። ሽታው ሲለወጥና ጭዱ በጣት ሲሳብ ያለ ችግር ሲበጠስ ደርሷል ማለት ነው። መጠኑን በግምት አይወስኑ። በግድግዳው ላይ ክንድ የሚያህሉ ሦስት ቦታዎችን በሦስት ዓይነት ድብልቅ፣ አሸዋ ሳይገባበት፣ ጥቂት ገብቶበት፣ ብዙ ገብቶበት፣ ይለስኑና ሳምንት ይጠብቁ። የተሰነጠቀው ጭቃው በዝቶበታል፣ በእጅ ሲታሽ የሚራገፈው አሸዋው በዝቶበታል። የማይሰነጠቀውንና የማይራገፈውን ይዞ መቀጠል ነው። በእበት ሲጨረስ ሴቶቹ በየዓመቱ ያለማንም እርዳታ ያድሱታል።

አሸዋውም ይፈተሽ። በጠርሙስ ግማሽ አሸዋ፣ ከላይ ውሃና ትንሽ ጨው ጨምሮ መናጥና ለሰዓታት ማስቀመጥ ነው። ከላይ የተኛው ደለል ከአሸዋው 6 በመቶ በላይ ከሆነ ይታጠብ፣ አለዚያ ይመለስ።

ኮሚቴዎች ጨርሶ የማያስቡት ነገር ውሃ ነው። ለ145 ኩንታል ሲሚንቶ ማቡኪያ ብቻ 8,000 ሊትር ገደማ ይፈለጋል፤ የተገነባውን ግንብና አርማታ ለሰባት ቀን ለማርጠብ ቢያንስ ያን ያህል ደግሞ ይጨመር። አንድ አህያ በሁለት ጀሪካን 40 ሊትር ይጭናል። ይህ 400 የአህያ ጭነት ነው። ተራው አስቀድሞ በቤት ካልተደለደለ ሸክሙ ሁሉ በጥቂት ሴቶችና ልጃገረዶች ላይ ይወድቃል፣ ደክመው ሲተዉትም መጀመሪያ የሚቀረው ማርጠቡ ነው። ሳይረጥብ የደረቀ ማልታ በጥፍር ይፋቃል። ሲሚንቶው ተገዝቶ፣ ተጭኖ፣ ተደክሞበት፣ በውሃ እጦት አፈር ሆነ ማለት ነው።

ወደ ጣሪያው ስንመጣ፣ ባሕር ዛፉ ትኩሱን ተቆርጦ ትኩሱን ከተመታ በሁለተኛው በጋ ይጠማዘዛል። ቆርቆሮው ምስማሩን ይነቅላል፣ ክረምት ሲገባ አዳራሹ በአሥር ቦታ ያፈሳል። እንጨቱ ከኅዳር እስከ ጥር ይቆረጥ፣ ቅርፊቱ ወዲያው ይላጥ፣ ከመሬት ከፍ ባለ ድንጋይ ላይ በጥላ ሥር ቢያንስ ሦስት ወር ይደርደር። ለነቀዝ የሚመከረው ከመድረቁ በፊት ለጥቂት ሳምንታት ኩሬ ውስጥ መንከር ነው፣ ነቀዙ የሚፈልገውን የእንጨቱን ምግብ ውሃው ይወስደዋል። ስለዚህ የእንጨት ሥራ የሚጀመረው ከግንቡ አንድ ዓመት ቀድሞ ነው። በቆላው ምስጥ ስላለ የትኛውም እንጨት አፈር አይንካ፤ የበረንዳ ምሰሶ ሁሉ ከመሬት 30 ሳንቲም ከፍ ያለ ድንጋይ ላይ ይቁም። ለበርና ለመስኮት መቃን የሐበሻ ጥድ ወይም ወይራ ከተገኘ ምስጥ አይደፍረውም። ለዚህ ብሎ ግን የቤተ ክርስቲያንና የመስጊድ ዛፍ አይቆረጥ።

የጣሪያው ተሸካሚዎች በ1 ሜትር ከ20 ርቀት፣ ውፍረታቸው 10 ሳንቲም፤ በላያቸው የሚጋደመው ማገር በ90 ሳንቲም። ቆርቆሮ ሲገዛ የጌጁ ቁጥር ሲበዛ ቆርቆሮው ይሳሳልና ባለ 28 ይገዛ። ባለ 35 ዋጋው ያጓጓል፣ የደጋው በረዶ ግን ይደበድበዋል፣ ጠጋኙም ሲረግጠው ይጎደጉዳል። ምስማሩ ባለ ጎማ ሆኖ በቆርቆሮው እጥፋት ጫፍ ላይ ይመታ። ውሃ በሚወርድበት ጎድጓዳ ላይ የተመታ ምስማር ሁሉ ማፍሰሻ ነው። ጣሪያው ከግድግዳው 80 ሳንቲም ይውጣ፣ የመጨረሻው መቀነት ሲሞላም በየተሸካሚው ልክ ባለ 6 ሚሊ ብረት ተቀብሮ እንጨቱ በእሱ ይታሰር። በምስማር ብቻ የተያዘ ጣሪያ ጠንካራ ንፋስ ሲመጣ ከነእንጨቱ ተነስቶ ይሄዳል።

አሸንዳው ከአዳራሹ ትንሹ ዕቃ ነው፤ ከሁሉ በላይ ቤት የሚያፈርሰውም የእሱ ብልሽት ነው። ጣሪያው 190 ሜትር ካሬ ያህል መሬት ይሸፍናል። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ሜትር ካሬ ላይ 1 ሊትር ነውና በዓመት 800 ሚሊ ሜትር በሚዘንብበት አካባቢ፣ የሚባክነው ተቀንሶ ከ120,000 ሊትር በላይ ከዚህ ጣሪያ ይወርዳል። አሸንዳው አንድ ቦታ ቢሰበር ያ ሁሉ ውሃ በአንድ ነጥብ መሠረቱ ሥር ይገባል። የአሸንዳው መያዣ በየ60 ሳንቲሙ ይሁን፣ አለዚያ የተከመረ በረዶ ይገነጥለዋል። ተዳፋቱ በ2 ሜትር 1 ሳንቲም ይበቃል። በግድግዳው ዙሪያ 1 ሜትር ስፋት ያለው፣ ወደ ውጭ ያዘቀዘቀ የድንጋይ ንጣፍ፣ ከሱ ወዲያ የውሃ መውረጃ ቦይ ይሠራ። ባሕር ዛፍ በአዳራሹ አጠገብ አይተከል፤ አፈሩን ከመሠረቱ ሥር ሳይቀር ያደርቀዋል።

ውሃው ይጠራቀም። 10,000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ ሦስት ቢቀመጥ፣ ስምንት ወር በጋ በቀን 125 ሊትር ይሰጣል። ይህ ለእጅ መታጠቢያ፣ ለውዱእ፣ ለቡናና ለድስት ይሆናል፤ የመንደር የውሃ ችግር ይፈታል ብሎ ቃል መግባት ግን ሕዝብን ማሳሳት ነው። ሮቶው የሚቀመጥበት የድንጋይ መደብ ደልዳላ ይሁን፣ ሥሩ ጠጠር የገባበት ፕላስቲክ ሲሞላ ይሰነጠቃል። የመጀመሪያው ዝናብ አቧራና የወፍ ኩስ ስለሚያጥብ የመጀመሪያው 100 ሊትር ወደ ሌላ በርሜል ይሂድ። በጣሪያው እንጨት ላይ የተቃጠለ ዘይት መቀባት የለመዱ አናጢዎች ውሃ ለሚጠራቀምበት ቤት ይህን ይተዉ።

ከወሎ ውጭ ያለ መሐንዲስ የሚረሳው ነገር ወጥ ቤቱ ነው። ለሠርግም፣ ለተዝካርም፣ ለሰደቃም ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ሁለቱም ወገን ይጠራራል፤ ሥጋው ግን ለየብቻ ይታረዳል፣ ለየብቻ ይሠራል። አንድ ወጥ ቤት ያለው አዳራሽ አንዱን ወገን ከቤቱ ያስወጣዋል፤ ከቤቱ የወጣ ወገን ደግሞ ለጥገናው አያዋጣም። ሁለት እኩል ወጥ ቤቶች፣ ለየራሳቸው በር፣ ለየራሳቸው የዕቃ ማስቀመጫና ማረጃ ያላቸው፣ ከአዳራሹ 8 ሜትር ርቀው ይሠሩ። ልካቸው 4 በ4 ቢሆን ይበቃል። ምርጥ የሚባለው የእንጀራ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር የማገዶውን ግማሽ ያህል ይቆጥባልና በየወጥ ቤቱ ሁለት ሁለት ይተከል።

መጸዳጃው የወንድና የሴት ተለይቶ፣ ከምንጭና ከጉድጓድ ውሃ ቢያንስ 30 ሜትር ርቆ፣ በቁልቁለቱ በኩል ይሁን። በሮች ሁለት፣ ስፋታቸው 1 ሜትር ከ60፣ ወደ ውጭ የሚከፈቱ። ወለሉ ከመሬት 45 ሳንቲም ከፍ ካለ ለአረጋውያንና ለአካል ጉዳተኞች 5 ሜትር ተኩል ርዝመት ያለው መወጣጫ ይሠራ።

ሶላሩን የሚገድለው ያልታሰበ ጭነት ነው። ስምንት ባለ 7 ዋት አምፖል ለአምስት ሰዓት 280 ዋት ሰዓት፣ ሃያ ስልክ 200፣ ድምፅ ማጉያ ለሁለት ሰዓት 80፣ በድምሩ በቀን 560 ዋት ሰዓት ነው። ለዚህ ሁለት ባለ 150 ዋት ፓኔል፣ ደመና ባለበት ሁለት ቀን እንዲያቆይ ባለ 12 ቮልት 200 አምፒር ሰዓት የሶላር ባትሪ ይበቃል። የመኪና ባትሪ አይሆንም። ፓኔሉ ወደ ደቡብ 15 ዲግሪ ያዘንብል፣ ዝናብ አቧራውን ያጥበዋል። ነገሩ የሚበላሸው አንድ ሰው ቴሌቪዥን ወይም የፀጉር መቁረጫ ሲሰካና፣ የባትሪው መቆጣጠሪያ ሲያጠፋበት ደግሞ ሽቦውን በቀጥታ ከባትሪው ሲያገናኝ ነው። እስከ ግማሹ ሳይሆን እስከ መጨረሻው የሚሟጠጥ ባትሪ አራት ዓመት ማገልገሉ ቀርቶ በአንድ ዓመት ይሞታል። ባትሪውና መቆጣጠሪያው በሁለት ቁልፍ በሚዘጋ ሳጥን ውስጥ ይሁኑ፣ ቁልፎቹም በሁለት ሰው እጅ። የባትሪው ዋጋ ለ48 ተካፍሎ ከስልክ ቻርጅ ገቢ በየወሩ ለብቻው ይቀመጥ።

ስለ ጊዜው አንድ ነገር እንጨምር። በወሎ በልግ አለ፤ የካቲት ሲጋመስ ዝናብ ሊመጣ፣ በደጋው ያለ ሰው ሁሉ ወደ እርሻው ሊመለስ ይችላል። መሠረቱ በታኅሣሥ፣ ግድግዳው በጥርና በየካቲት መጀመሪያ ካልተጠናቀቀ ደቦው ይበተናል። የሥራ ቀን ሲቆጠር በዓላቱ፣ ጁምዓውና የገበያው ቀን ይቀነሱ። ሁለቱም እምነት ባለበት መንደር ከወር ውስጥ ከ14 ቀን በላይ አይታሰብ። ረመዳን ወይም ዐቢይ ጾም ከገባበትም ከባዱ የድንጋይ ሥራ ወደ ማለዳ ይዛወር። ድንጋዩ ግን ክረምቱን ሙሉ በትንሽ በትንሹ ሊከማች ይችላል።

የጥገናው ደንብ ከመሠረቱ ድንጋይ በፊት ይጻፍ። ግንቦት ላይ፣ ክረምት ከመግባቱ በፊት፣ አሸንዳው ይጠረግ፣ ቦዩ ይከፈት፣ የላላ ምስማር ይጠበቅ። ኃላፊነቱ በየዓመቱ በተራ ለአንድ ቅሬ ይሰጥ፣ የቅሬው ዳኛም (መሪውም) በመዝገብ ይፈርም። መስከረም ላይ ስንጥቅ ከታየ በላዩ ላይ መዳፍ የሚያህል ሲሚንቶ ተለጥፎ ቀኑ ይጻፍበት። ልጣፉ በዓመቱ ሳይሰነጠቅ ከተገኘ ቤቱ ተቀምጧል፤ ከተሰነጠቀ አፈሩ ይንቀሳቀሳልና ባለሙያ ይጠራ። ከግንባታው በኋላ የተረፈ ቆርቆሮ አይሸጥ። በሚቀጥሉት ዓመታት ገበያ ላይ የሚመጣው ቆርቆሮ እጥፋቱ ከአሮጌው ጋር ላይገጥም ስለሚችል 10 ቆርቆሮ፣ 2 ኪሎ ባለ ጎማ ምስማር፣ 3 ሜትር አሸንዳና አንድ የእንጨት መሰላል በአዳራሹ ዕቃ ቤት ተቆልፎ ይቀመጥ።

ከአክብሮት ጋር፣
በግንባታ ሙያ የተሰማራን ባለሙያዎች
ደሴ